የአካል ሒሳብና ያልተቆጠሩት ተካፋዮቹ፦ የምግብ ኃይልና የባክቴሪያ ጥናት ታሪክ



የዛሬው ርእሴ የሕክምናው ወይም የባዮሎጂው ትምህርት ክፍል ሊያስተምረው የሚገባ ይመስላል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ሰውነት ምግብን እንዴት ወደ ኃይል እንደሚለውጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎች ይህን እንዴት ሊያውቁት እንደቻሉ፣ በዚያም ዕውቀት ውስጥ ማን ሳይቆጠር እንደቀረ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከአንድ ቀላል ጥያቄ እንነሣ። ሰው የበላው ምግብ ወዴት ይሄዳል? አዋቂ ሰው በየዓመቱ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ምግብና መጠጥ ያስገባል፤ ክብደቱ ግን እዚያው ገደማ ይቆያል። ይህን ጥያቄ በሚዛን ለመመለስ የተነሣው በፓዱዋ የሕክምና መምህር የነበረው ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ነው። ወንበሩን ከሚዛን ላይ ሰቅሎ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ራሱን ሲመዝን ኖረ፤ የበላውንና የጠጣውን፣ ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን ሳይቀር መዘነ። በ1614 ባሳተመው መጽሐፍም በቀን 8 ፓውንድ የበላና የጠጣ ሰው 5 ፓውንዱን በማይታይ ትነት እንደሚያጣው ገለጸ። ዛሬ ትነቱ ከቆዳና ከሳንባ የሚወጣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን እናውቃለን። ሳንቶሪዮ ይህን አያውቅም ነበር። እርሱ ለኋለኞቹ ያስተላለፈው ልማድ ነው፤ ይኸውም አካልን የገቢና የወጪ መዝገብ አድርጎ የመመልከት ልማድ።

ይህን መዝገብ በሚገባ የከፈተው ከ170 ዓመታት ገደማ በኋላ የመጣው አንትዋን ላቯዚዬ ነው። ላቯዚዬ የኬሚስትሪ ሊቅ ብቻ አልነበረም። ከፈረንሳይ ንጉሥ ግብር የመሰብሰብን መብት በውል የገዛው ማኅበር ባለ ድርሻም ነበር። የኬሚስትሪ ዘዴውና የሒሳብ ሹምነቱ ተነጣጥለው የሚታዩ አይመስለኝም፤ በሙከራው መጀመሪያ የነበረው ነገር ሁሉ ድምር በመጨረሻ ካለው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለው መርሑ፣ በየሌሊቱ ሣጥኑን ቆጥሮ የሚዘጋ ነጋዴ መርሕ ነው።

በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ፣ በፓሪስ የብርድ ወራት፣ ላቯዚዬና የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ዙሪያውን በበረዶ በታጠረ ዕቃ ውስጥ አንዲት ጊኒ ፒግ አስቀመጡ። እንስሳዪቱ በ10 ሰዓት ውስጥ 13 አውንስ ያህል በረዶ አቀለጠች። በዚያው መጠን ጊዜ የምታወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክተው፣ ይህንኑ ያህል ጋዝ የሚሰጥ ከሰል ሲነድ ከሚያቀልጠው በረዶ ጋር አነጻጸሩት። ሁለቱ ፍጹም ባይገጥሙም ተቀራረቡ። ከዚህም ተነሥተው መተንፈስ ማለት ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው አሉ። ሻማም ሰውም አየርን ተጠቅመው ይነዳሉ፤ ልዩነቱ ሰው ነበልባል የሌለው መሆኑ ነው።

ከስድስት ዓመታት በኋላ ላቯዚዬ ከረዳቱ ከአርማን ሴጋን ጋር ወደ ሰው አለፈ። ሴጋን ራሱ ጭምብል አጥልቆ በዕረፍት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላና በሥራ ላይ የሚስበው የኦክስጅን መጠን ተለካ። ሥራ ሲከብድ ፍጆታው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ዘመኑ 1789፣ የአብዮቱ ዓመት ነበርና፣ የጥናቱ ጽሑፍ ሳይታሰብ ወደ ሌላ ጥያቄ ይሻገራል፦ በጉልበቱ የሚያድረው ድኻ ከሥራ ፈቱ ባለጠጋ ይልቅ ብዙ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ስለምን ብዙ ምግብ የሚደርሰው ለባለጠጋው ሆነ? እኔ በበኩሌ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሽግግር ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። የአካል መዝገብ ገና ሲከፈት የማኅበረሰቡ መዝገብም አብሮ ተከፈተ። ላቯዚዬ ግን በግብር ሰብሳቢነቱ ተከሶ በግንቦት 1794 በጊዮቲን ተቀላ።

የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የጀርመን ቤተ ሙከራዎች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ሙኒክ ውስጥ ፔተንኮፈርና ፎይት ሰው ሙሉ የሚገባበትን የመተንፈሻ ክፍል ሠሩ፤ ሩብነር በውሻ ላይ ሒሳቡን አጠበቀ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው አሜሪካዊ ዊልበር አትዋተር ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል፤ በምግብ ማሸጊያ ላይ የምናነባቸው ቁጥሮች መሠረት የእርሱ ሥራ ነውና።

አትዋተር በ1890ዎቹ በኮነቲከት ግዛት በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ከፊዚክስ ሊቁ ከኤድዋርድ ሮዛ ጋር፣ ሰው ለቀናት የሚኖርበት ጠባብ ክፍል ሠራ። ሰውየው በዚያ ይበላል፣ ይተኛል፣ ብስክሌት መሰል መሣሪያ ይነዳል፤ ከአካሉ የሚወጣው ሙቀት በሙሉ በግድግዳው ቧንቧዎች ውስጥ በሚያልፍ ውሃ ይለካል። ውጤቱ አስደናቂ ነበር። የገባው ኃይልና የወጣው ኃይል ከሞላ ጎደል እኩል ሆኑ። አካል የተፈጥሮን ሕግ የሚጥስበት ምንም ምስጢር እንደሌለው ተረጋገጠ። ከዚህ ሥራም 4፣ 9 እና 4 የሚባሉት ቁጥሮች ወጡ፤ በአንድ ግራም ለገንቢ ምግብ 4 ኪሎ ካሎሪ፣ ለስብ 9፣ ለስታርችና ለስኳር 4።

አሁን ልብ በሉ። አትዋተር እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት ምግቡን በካሎሪሜትር ያቃጥላል፤ ከዚያም የሰውየውን ዐይነ ምድር ያቃጥላል። የሁለተኛውን ኃይል ከመጀመሪያው ቀንሶ፣ በሽንት የሚባክነውንም አስቦ፣ የቀረውን የሰው ድርሻ ብሎ መዘገበ። ስሌቱ በራሱ ስሕተት የለውም። ነገር ግን አንድ ያልተጻፈ ግምት አለበት፤ ይኸውም ከአፍ እስከ መውጫው ባለው መንገድ ላይ የሚበላው ሰውየው ብቻ ነው፣ በመጨረሻ የሚወጣውም ሰውየው ያልፈጨው ትርፍ ነው የሚል ነው። በ1980 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከደረቅ ዐይነ ምድር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትርፍ ሳይሆን ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። አትዋተር ያቃጠለው በአብዛኛው የሌሎችን አካል ነበር።

ነገሩ ለዘመኑ ሰዎች ፈጽሞ ያልታወቀ ቢሆን ኖሮ ባልወቀስነው። ነገር ግን ታውቆ ነበር። የደልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ ሊውዌንሁክ በመስከረም 1683 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ ከጥርሱ መካከል በፋቀው ነጭ ነገር ውስጥ የሚርመሰመሱ ሕያዋን ማየቱን ነግሯል። በ1885 የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪክ የጨቅላ ሕፃናትን ዐይነ ምድር መርምሮ፣ ዛሬ በስሙ ኢሸሪኪያ ኮላይ የምንለውን ባክቴሪያ ገልጿል። ችግሩ ሁለቱ ዕውቀቶች በተለያየ ቤት ማደራቸው ነው። አንደኛው ስለ ካሎሪ በሚቆጥሩ ሰዎች ዘንድ፣ ሁለተኛው ስለ በሽታ በሚጨነቁ ሐኪሞች ዘንድ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎችን ወሰን እንደ ተፈጥሮ ወሰን አትዩት የምላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው በ1885 ሉዊ ፓስተር ይህን ወሰን የሚያፈርስ ጥያቄ ጠየቀ። አንድ እንስሳ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ምንም ረቂቅ ተሕዋስያን የሌለበት ምግብ ቢመገብ ሊኖር ይችላልን? የእርሱ ግምት አይኖርም የሚል ነበር። ኔንስኪ የተባለው ኬሚስት ደግሞ ተቃወመ፤ ባክቴሪያ ባይኖር እንዲያውም ይሻላል ባይ ነው። ክርክሩን ለመፍታት በበርሊን ነተልና ቲርፌልደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1895 አንዲት የጊኒ ፒግ ግልገል በቀዶ ሕክምና ከእናቷ ማሕፀን አውጥተው፣ ንጹሕ በተደረገ ሣጥን ውስጥ፣ የተጣራ አየርና ከጀርም የጸዳ ወተት እየሰጡ አኖሯት። ወተቱ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በሰው እጅ ይሰጥ ነበር። ስምንት ቀን ኖረች፤ ከዚያም ገድለው ሲመረምሯት በአንጀቷ ውስጥ ባክቴሪያ አልተገኘም። ስለዚህ ፓስተር ተሳሳተ ተባለ። ነገር ግን ስምንት ቀን ሕይወት አይባልም። ከጀርም የጸዱ አይጦችን ለትውልዶች ማርባት የተቻለው ገና በ1940ዎቹ ነው። ያን ጊዜ የታየው ውጤት ከሁለቱም ወገን ግምት የተለየ ነበር፤ እንስሳቱ ይኖራሉ፣ ግን ሌሎች ናቸው። የትልቁ አንጀታቸው ከረጢት ከልክ በላይ ያብጣል፣ በምግባቸው ቫይታሚን ኬ ካልተጨመረ ደማቸው አይረጋም፣ ክብደታቸውን ለመጠበቅም ብዙ መብላት አለባቸው።

በመካከሉ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ምዕራፍ አለ። የ1908 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ኤሊ ሜችኒኮፍ ትልቁ አንጀት የመርዝ ጎተራ ነው፣ እርጅናም ከዚያ ይመነጫል ብሎ አስተማረ። ራሱ እርጎ በመጠጣት ተወሰነ። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አርበትኖት ሌን ግን የሰዎችን ትልቅ አንጀት ቆርጦ እስከ ማውጣት ደረሰ። ማስረጃው ከድፍረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ዛሬ በየገበያው ስለ ጥሩ ባክቴሪያ የሚነዛውን ማስታወቂያ ስሰማ ሁልጊዜ ሌን ትዝ ይለኛል።

በሕዋስ ውስጥ ደግሞ ምን ተገኘ? የላቯዚዬ ቃጠሎ የት እንደሚነድ ለማወቅ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1929 ካርል ሎማን ኤቲፒ የተባለውን ውሑድ አገኘ፤ ሕዋስ ከምግብ ያገኘውን ኃይል የሚመነዝርበት ሳንቲም ነው ልንለው እንችላለን። በአካላችን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ኤቲፒ ከ250 ግራም አይበልጥም፤ ነገር ግን ያው እየተበተነ እየተገጣጠመ በቀን በአርባ ኪሎ ግራም የሚቆጠር ይዘዋወራል። በ1937 ሃንስ ክሬብስ ምግብ ደረጃ በደረጃ የሚፈርስበትን ዑደት ሲገልጽ ኔቸር የተባለው መጽሔት ጽሑፉን መለሰበት፤ በሌላ መጽሔት አሳተመው፣ በኋላም ኖቤል አገኘበት። ከዚያም ሥራው በአብዛኛው የሚካሄደው ማይቶኮንድሪያ በተባሉ በሕዋስ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን አካላት መሆኑ ታወቀ።

በ1967 ሊን ማርጉሊስ እነዚህ ማይቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ራሳቸውን ችለው ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚል ጽሑፍ አሳተመች። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ፖርቲዬ በ1918፣ አሜሪካዊው ዋሊን በ1920ዎቹ ተመሳሳይ ነገር ተናግረው ተሳልቆባቸዋል። ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው ዲኤንኤ እንዳላቸው ሲታወቅ ግን ሳቁ ቆመ። የሰው ማይቶኮንድሪያ 37 ጂኖች አሉት፤ ዘሩም ከአልፋፕሮቲዮባክቴሪያ ወገን እንደሚመዘዝ ዛሬ አያከራክርም። እንግዲህ ላቯዚዬ በጊኒ ፒጓ የለካው ሙቀት ከሞላ ጎደል የጥንት ባክቴሪያዎች ሙቀት ነበር ማለት ነው። በውስጣችን ገብተው ከእኛ ጋር አንድ የሆኑትን ሰው ብለን ቆጠርን፤ በአንጀት የቀሩትን ቆሻሻ ብለን ቀነስን።

የአንጀቶቹ ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለውን አሠር የሰው ልጅ ኢንዛይሞች መፍጨት አይችሉም። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚወጡትን አጫጭር የስብ አሲዶች የአንጀታችን ግድግዳ ይመጣቸዋል። በዚህ መንገድ የምናገኘው ኃይል ከዕለት ፍጆታችን ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል። ስለ ብዛታቸው ለረጅም ጊዜ በየመጽሐፉ የተደገመው አንድ ሰው ለአንድ ሕዋሱ አሥር ባክቴሪያ ይሸከማል የሚለው አባባል፣ ምንጩ ሲፈለግ በ1972 በአንድ ጽሑፍ ላይ የሰፈረ የችኮላ ግምት ሆኖ ተገኘ። በ2016 እንደገና ሲሰላ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያና 30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋስ፣ በክብደት ደግሞ 200 ግራም ገደማ ብቻ ሆነ። ሳይንቲስቶችም ሳያጣሩ እንደሚቀባበሉ ተማሪዎቼ እንዲያውቁት እወዳለሁ።

በ2004 በሴንት ሉዊስ የጄፍሪ ጎርደን ቡድን የድሮውን የበርሊን ሙከራ በአዲስ ጥያቄ መለሰው። ባክቴሪያ ያላቸው አይጦች ከጀርም ከጸዱት 29 በመቶ ያነሰ ምግብ እየበሉ 42 በመቶ የበለጠ የአካል ስብ ነበራቸው። ከጀርም ለጸዱት የሌሎቹ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ስባቸው በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ። ያው ምግብ ለሁለት አካላት ያው ኃይል አይሰጥም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ጩኸት ግን ከልክ አለፈ። የቀጫጭን ሰዎችን ባክቴሪያ ወደ ወፍራሞች በማዛወር ክብደት ለመቀነስ በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች የተጠበቀውን ውጤት አልሰጡም። አይጥ ሰው አይደለችም።

እዚህ ላይ የእኛን እናቶች ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ የሚከናወነው ይኸው መብላላት ነው፤ ከአንጀት ውጭ፣ በቡሃቃ ውስጥ። ብርሃኑ ጋሼ በ1985 ባሳተሙት ጥናት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ መቡካት ያላቸውን ድርሻ ገልጸዋል። መቡካቱ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፊቴት የተባለ ውሑድ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ዱቄት የተጋገረ እንጀራና ያልቦካ ቂጣ በካሎሪ ሠንጠረዥ ላይ እኩል ቢሆኑም ለአካል እኩል አይደሉም። ከጎረቤት እርሾ የሚበደር ሰው ሳያውቀው የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ይበደራል።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ጉዳይ እመጣለሁ፤ ይህ ሁሉ ታሪክ የሚፈተነው በተራቡ ሕፃናት ላይ ነውና። በ1990ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራ ለምግብ እጥረት ሕክምና የሚውል ምግብ ወጣ፤ በአገራችን ፕላምፕኔት እየተባለ የሚጠራው ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲመዝን 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በ2000 ድርቅ ጊዜ በሐዲያ ዞን በባዳዋቾ ወረዳ 170 በጽኑ የተጎዱ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ በየቤታቸው በዚህ ዓይነት ምግብ ታከሙ፤ አብዛኞቹም አገገሙ። ይህ ልምድ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ ለተቀበሉት የማኅበረሰብ አቀፍ ሕክምና መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። የአትዋተር ሒሳብ እዚህ ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ሁሉም ሕፃናት አያገግሙም። በተለይ ኳሺኦርኮር የሚባለው፣ አካልን የሚያሳብጠው ዓይነት፣ ከጥንት ጀምሮ እንቆቅልሽ ነው። ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ በ1933 በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ገልጻዋለች፤ ስሙንም ከጋ ቋንቋ ወሰደችው፤ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት መንሥኤው የገንቢ ምግብ ማነስ ብቻ እንደሆነ ተነገረ። ታዲያ በአንድ ጎጆ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉ መንትዮች አንዱ ሲያብጥ ሌላው ጤነኛ የሚሆነው ስለምን ነው? በማላዊ 317 ጥንድ መንትዮች እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ተከታትለው ሲታዩ፣ በ43 በመቶዎቹ ጥንዶች አንዱ ብቻ ተጎድቶ ሌላው ደኅና ነበር። የሁለቱ ዐይነ ምድር ከጀርም ወደ ጸዱ አይጦች ተዛወረ፤ አይጦቹም በአብዛኛው ከበቆሎ ዱቄት የሚዘጋጀውን የማላዊ ምግብ ተመገቡ። የታመመውን ልጅ ባክቴሪያ የተቀበሉት ክብደታቸው በእጅጉ ወረደ። ጥናቱ የታተመው በ2013 ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው አገር፣ ሌላ ጥናት ወጣ። በጽኑ የምግብ እጥረት የተጎዱ 2,767 ሕፃናት ከአልሚ ምግቡ ጋር ግማሾቹ አንቲባዮቲክ፣ ሌሎቹ አምሳያውን ባዶ መድኃኒት ተሰጣቸው ብላችሁ አታስቡ፤ ቡድኖቹ ሦስት ነበሩ። ባዶውን ከወሰዱት 7.4 በመቶ ሞቱ፤ አሞክሲሲሊን ከወሰዱት 4.8 በመቶ፤ ሴፍዲኒር ከወሰዱት 4.1 በመቶ። እነዚህ አሥርዮሽ ቁጥሮች ልጆች ናቸው። ምግቡ አንድ ነበር፣ ካሎሪው አንድ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ባክቴሪያን የሚመታ መድኃኒት ነው። እንግዲያው ለሁሉም ይሰጥ? በ2016 ከኒጀር የመጣው፣ ከ2,000 በላይ ሕፃናትን የያዘው ጥናት ደግሞ አሞክሲሲሊን ለማገገም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም አለ።

ሁለቱ ውጤቶች የግድ አይጣሉም። በማላዊ ኳሺኦርኮር የበረታ ነበር፤ በኒጀር ጥናት የተካተቱት ግን ከስተው የተጎዱ፣ እብጠት የሌለባቸው ሕፃናት ናቸው። ነገር ግን በጤና ጣቢያ ውስጥ ክኒኑን በእጇ ይዛ የቆመች ነርስ ከዚህ ክርክር መካከል መወሰን አለባት። ብትሰጥ መድኃኒቱ የሚገድለው በሽታ አምጪዎቹን ብቻ አይደለም፤ አሠሩን የሚያብላሉትንም ነው፣ መድኃኒት የተላመደ ዘርም ሊያፈራ ይችላል። ባትሰጥ ደግሞ በማላዊ የታየው ሞት አለ። በከረጢቱ ላይ የታተመው 500 የሚለው ቁጥር ይህን አይነግራትም፤ ቁጥሩ ዛሬም በአትዋተር ስሌት የተገኘ፣ ተመጋቢው አንድ ነው ብሎ የተጻፈ ነው።